ኮርማው ማን ነው? ሥዕልን እንደ እንቆቅልሽ መፍታት ይብቃን

በየከተማው በምናዘጋጃቸው የሥዕል ዐውደ ርእዮች ላይ የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለች። ሰዓሊው ሥራዎቹን አስጎብኝቶ ሲያበቃ አንድ ሰው ከኋላ ይነሣና «ይህ ፈረስ ምንን ይወክላል?» ይላል። ሰዓሊው ጥቂት ይቸገራል፤ ከዚያ «ነጻነትን» ብሎ ይገላገላል። አዳራሹ ራሱን ይነቀንቃል፤ አንዳንዱም በስልኩ ይመዘግባል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፈረሱን የሚያየው የለም። ፈረሱ ተፈቷል።

ጥያቄዋ ክፉ አይደለችም፤ የቅን ሰው ጥያቄ ናት። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከጀርባዋ ያለው እምነት ነው። በዚህ እምነት መሠረት ተምሳሌታዊ ሥዕል ማለት ሰዓሊው አስቀድሞ ያወቀውን ሐሳብ ቆልፎ የሚያስቀምጥበት፣ ተመልካቹ ደግሞ ቁልፉን ፈልጎ የሚከፍትበት ሣጥን ነው። ሰዓሊው ያቅዳል፣ ይደብቃል፤ ሃያሲው ያገኛል። ሐሳቡ ከወጣ በኋላ ሣጥኑ ምን ያደርጋል? ይጣላል። እኔ ይህ እምነት ስሕተት ነው ባይ ነኝ፤ ጎጂም ነው። ሰዓሊዎቻችንን ሰነፎች፣ እኛን ተመልካቾቹን ዕውሮች እያደረገ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሰውን ከሰው ማናከሻ ሆኗል።

እምነቱ በእኛ ዘንድ የክብር ስም አለው፤ «ሰምና ወርቅ» ይባላል። በውጭ አገር ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል የተዘጋጀ ካታሎግ አንሡና መግቢያውን አንብቡ፤ ኢትዮጵያዊው ሰዓሊ ያደገው በሰምና ወርቅ ባህል ስለሆነ ሥዕሉም ላይ ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ ነው የሚል አንቀጽ ብዙ ጊዜ አታጡም። በአማርኛ የምንጽፈው ሂስም ከዚህ አይሻልም። ቀዩ ደም፣ ርግቧ ሰላም፣ የተበጠሰው ሰንሰለት ነጻነት፣ ጀበናዋ ባህል፣ ያረጀው ዛፍ አገር። ሂሱ በዝርዝር ይጀምራል፣ በዝርዝር ያልቃል። የቀለሙ ውፍረት፣ የመስመሩ አካሄድ፣ ምስሉ ሸራው ላይ የተቀመጠበት ቦታ፣ ይህን ያህል የገዘፈበት ምክንያት አይነሣም። ስለዚህ አንድ ደካማ ሥዕልና አንድ ድንቅ ሥዕል ተመሳሳይ ዝርዝር ካላቸው በዚህ ሂስ ፊት እኩል ናቸው። መልካሙን ከመናኛው መለየት የማይችል ሂስ ምን ሊሠራልን ነው?

ክርክሬን በነገር ላስደግፍ። አንድ ሰዓሊ አቅዶ ሲሠራ የሚሆነውን ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው ሲሠራ ማየት ነው። ይህ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም። ያለቀ ሥዕል የተሠራበትን መንገድ ይሸፍናል፤ ንድፎች ይጣላሉ፣ ይጠፋሉ። ከታላላቆቹ ተምሳሌታዊ ሥዕሎች መካከል ግን ዱካው ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ መጨረሻው ቅብ ድረስ ተመዝግቦ የቆየ አንድ አለ፤ የፓብሎ ፒካሶ «ጌርኒካ»። ስለዚህ ሥዕል ያልተባለ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። የመረጥኩት ለዝናው ብዬ አይደለም፤ መዝገቡ በእጃችን ስላለ ነው።

ደግሞም ለእኛ ባዳ ሥዕል አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አዲስ አበባን በደም ካጠቡ ከ66 ቀናት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 18፣ የባስኮች ከተማ ጌርኒካ በገበያ ቀኗ ከአየር ተደበደበች። ደብዳቢዎቹ የጀርመን አውሮፕላኖች ነበሩ፤ የኢጣሊያም አብረው ነበሩ። ወሬውን በታይምስ ጋዜጣ ለዓለም ያሰማው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር ነው። ስቲር ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የኢጣሊያን ወረራ ከአዲስ አበባ ሲዘግብ የነበረ፣ ኢጣሊያኖች ከተማዋን እንደ ያዙ ያባረሩት፣ ስለ ጦርነቱም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለልጁ የክርስትና አባት ሆነውለታል። ከሰማይ በሕዝብ ላይ የሚወርድ ሞት ምን እንደሚመስል ለአውሮፓ አንባቢ የነገረው ሰው፣ ጉዳዩን ጌርኒካ ከመድረሱ በፊት እኛ አገር አውቆት ነበር ማለት ነው። ዘገባው ወዲያው በፓሪስ ጋዜጣም ወጣ፤ ፒካሶ የሚኖረው ፓሪስ ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉትን ዘመኖች በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጃንዋሪ 1937 የስፔን ሪፐብሊክ ተወካዮች ወደ ፒካሶ መጡ። በዚያ ዓመት በፓሪስ ለሚከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በስፔን ድንኳን ግድግዳ ላይ የሚውል ትልቅ ሥዕል እንዲሠራላቸው ጠየቁት። መንግሥታቸው በጦርነት እየተንገዳገደ ነበርና የፈለጉት ለዓለም የሚጮኽላቸው ነገር ነው። ፒካሶ ሥራውን ተቀበለ፤ ከዚያ ከሦስት ወር በላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠራም። በኤፕሪል አጋማሽ መንደፍ ሲጀምር ንድፎቹ ላይ ያለው ነገር ከጦርነት ጋር አይገናኝም፤ ሰዓሊና ሞዴሉ በሥዕል ክፍል ውስጥ ነበሩ። ከተማዋ ኤፕሪል 26 ተደበደበች። በአምስተኛው ቀን፣ ሜይ 1፣ አዲሶቹ ንድፎች ጀመሩ። ሥዕሉ ጁን መጀመሪያ ላይ አለቀ። ወደ 3.5 ሜትር የሚጠጋ ቁመትና 7.8 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሸራ በአምስት ሳምንት ውስጥ ተሞላ ማለት ነው። ከ40 በላይ ንድፎችና ጥናቶች፣ አብዛኞቹ ቀን የተጻፈባቸው፣ ቀርተውልናል። ሸራው ላይ የሆነውን ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺዋ ዶራ ማር ከሜይ 11 ጀምሮ በየደረጃው አንሥታዋለች።

በዚያ መጀመሪያ ቀን በሬው፣ ፈረሱና ብርሃን የያዘችው ሴት ተገኝተዋል። የሰምና ወርቅ ሃያሲ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ «አያችሁ! ሰዓሊው ተምሳሌቶቹን መጀመሪያ መረጠ፣ ከዚያ አስቀመጣቸው» ይላል። ችግሩ እነዚህ ምስሎች ለጌርኒካ የተመረጡ አለመሆናቸው ነው። ፒካሶ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1935፣ «ሚኖታውሮማኪ» በሚባል የኅትመት ሥራው ላይ የበሬ ራስ ያለው ሰው፣ የቆሰለ ፈረስና ሻማ የያዘች ልጅ ሠርቶ ነበር። ያኔ የተደበደበ ከተማ የለም። ስለዚህ ፈረሱ «የጌርኒካ ሕዝብ» እንዲሆን ታስቦ አልተፈጠረም። ሰዓሊው ከዚህ በፊት በእጁ የነበሩትን ፍጥረቶች ይዞ መጣ፤ የመጣበት አዲስ ነገር እነርሱን ሲያጣምም፣ ሲያስጮኽ፣ ሲጥል እናያለን። ትርጉሙ በዚያ ማጣመም ውስጥ ነው የተሠራው።

ሁለተኛው ማስረጃ ይበልጣል። ሜይ 11 በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ የወደቀው ተዋጊ አንድ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ዘርግቷል፤ ጡጫው ተጨብጧል። በ1937 ፓሪስ የተጨበጠ ጡጫ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የፋሺዝም ተቃዋሚዎች ሰላምታ ነው። ሥራውን ያዘዘው መንግሥት ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል? በሚቀጥለው ደረጃ ጡጫው የእህል ዘለላ ጨበጠ፤ ከኋላውም ትልቅ ፀሐይ ወጣ። ሥዕሉ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም፤ ትግል፣ እንጀራ፣ ንጋት። ከዚያ ፒካሶ ክንዱን በሙሉ አጠፋው። ፀሐዩ ተጨፍልቆ የዐይን ቅርጽ ያዘ፤ በመጨረሻም መካከሉ ላይ የኤሌክትሪክ አምፖል ገባበት። ከዚያ ሁሉ ተስፋ ባለቀው ሥዕል ላይ የምናገኘው፣ የተሰበረ ሰይፍ ከጨበጠው እጅ አጠገብ ያለች አንዲት ቀጭን አበባ ናት።

ይህን ልብ በሉልኝ። ሥዕሉ ላይ ከነበሩት ተምሳሌቶች ሁሉ አንድ ትርጉም ብቻ ያለውን፣ ማንም ያለ አስተርጓሚ የሚያነበውን፣ ሰዓሊው ራሱ አውጥቶ ጣለው። ሥዕል የተቆለፈ መልእክት ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ ሞኝነት ነበር፤ ጥሩ መልእክተኛ ግልጹን ቃል አይሰርዝም። ፒካሶ የሰረዘው ግን ቀጥ ያለው ክንድ ለሚያየው ሰው መውጫ ስለሚሰጠው ይመስለኛል። ጡጫውን ያየ «በመጨረሻ እናሸንፋለን» ብሎ ይሄዳል። ክንዱ ሲጠፋ መሄጃ ጠፋ። ይህን ፍርድ የትኛውም የተምሳሌት መዝገበ ቃላት አይሰጠንም፤ ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ግን ይሰጠናል።

ፈረሱንም እዩት። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ አንገቱ ወደ መሬት ተቆልምሟል፤ እየሞተ ያለ እንስሳ ነው፣ በቃ። በኋላ የበሬው አካል ወደ ግራ ተገለበጠ፣ መካከሉ ክፍት ሆነ፣ የፈረሱም ራስ ወደዚያ ክፍት ቦታ ተነሥቶ አፉን ከፍቶ ጮኸ። ፈረሱ ያው ፈረስ ነው፤ «የሚወክለው» ነገር ካለም አልተለወጠም። የተለወጠው ጩኸቱ የሥዕሉ እምብርት ላይ መሆኑ ነው። በሬው ባይዞር ፈረሱ አይጮኽም ነበር። ሰዓሊው ከቀለም ጋር የተከራከረበትም ማስረጃ አለ። በመካከል ላይ ጌጥ ያለባቸው የወረቀት ቁራጮች ሴቶቹ ላይ ለጥፎ ሞክሯል፤ ቆይቶም አነሣቸው። ሥዕሉ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ሆኖ ቀረ። አውሮፕላን የለበትም፣ ቦምብ የለበትም፣ የከተማዋም ስም ሸራው ላይ አልተጻፈም።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ሩዶልፍ አርንሃይም በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ንድፎች አንድ በአንድ ተከትሏል። ከእርሱ የምወስደው ነገር ይህ ነው፦ የሰዓሊው መንገድ በዳበሳ የሚኬድ አይደለም፣ ያለቀለትን ዕቅድ ሸራ ላይ መገልበጥም አይደለም። ሰዓሊው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው በከፊል ነው፤ የቀረውን እያንዳንዱ የተሠራ ነገር ይነግረዋል። ስለዚህ «ሥዕል የሚሰማ እንጂ የሚታሰብ አይደለም» ከሚሉትም ጋር አይደለሁም። የእነርሱም ስንፍና ነው፤ የጨዋ ስንፍና። ሥዕል ይታሰባል። የሚታሰበው ግን ሲሠራ በተደረጉት ውሳኔዎች በኩል ነው።

ቁልፍ ፈላጊዎቹ በዚህ ሥዕል ላይ ምን እንዳተረፉ እንጠይቅ። ስፔናዊው ጸሐፊ ኹዋን ላሬያ በ1947 ባወጣው መጽሐፍ ፈረሱ የፍራንኮ ወገን ነው፣ በሬው ደግሞ የስፔን ሕዝብ ነው አለ። ፒካሶ ራሱ በ1945 ከአሜሪካዊው ጀሮም ሴክለር ጋር ሲነጋገር የተናገረው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፈረሱ ሕዝብ ነው፣ በሬው ጭካኔና ጨለማ ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ በሬው በሬ ነው፣ ፈረሱም ፈረስ ነው፣ የቀረውን ተመልካቹ ይየው በሚል ስሜት መልሷል። ሁለት ቁልፎች፣ አንድ ሣጥን፤ ሁለቱም ይገባሉ፣ ሁለቱም አይከፍቱም። ባለቤቱም ሣጥን የለም አለ።

ሥዕሉ ግን ቁልፍ ሳይጠብቅ ሥራውን ሠርቷል። በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ደጃፍ ላይ የዚህ ሥዕል ቅጂ የሆነ የተሸመነ ምንጣፍ ለዓመታት ተሰቅሎ ኖሯል። በፌብሩዋሪ 2003 ኮሊን ፓወል ስለ ኢራቅ ሊናገሩ በመጡ ጊዜ በሰማያዊ መጋረጃ ተሸፍኖ ነበር። የተሰጠው ምክንያት ለቴሌቪዥን ካሜራ የሚስማማ ጀርባ ስለተፈለገ ነው የሚል ነው። ይሁን። ለእኔ የሚበቃኝ ይህ ነው፦ በዚያን ቀን ከዚያ ኮሪደር ማንም በሬው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ጦርነት ሊታወጅ ሲል ከሚጮኽ ፈረስ ፊት መቆም እንደማይመች ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ወደ ሰምና ወርቅ። ይህን ስም ለእንቆቅልሽ ፍቺ መጠቀማችን ሥዕልን ብቻ አይበድልም፣ ቅኔንም ይበድላል። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛው ሥራ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ጌጡን በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያወጣና ወርቁን ያፈስሳል። ወርቁ የሚይዘው ቅርጽ የሰሙን ነው። ሰሙ ላይ የቀረች አንዲት እንከን ወርቁ ላይ ትወጣለች። ይህን የሚያውቅ ሰው ሰሙን እንደ ልጣጭ አይንቅም። የቅኔ ተማሪውም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር የሚደክመው ሰሙና ወርቁ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ እንዲታሠሩ ነው፤ ቤቱ እንዲመታ፣ ልኩ እንዲጠበቅ ነው። መምህሩ ዘንድ ሲቀርብ «ወርቁ መልካም ነው፣ ሰሙ ይቅር» አይባልም። ሰሙ ካላማረ ቅኔው የለም። ደግሞ ቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ብቻ አያስተምርም፤ ኅብሩ፣ ውስጠ ወይራው፣ ሌላውም መንገድ አለ። እኛ ግን ከዚያ ሁሉ ትምህርት አንዲቱን ቃል ይዘን ወጣን፤ እሷንም ወደ ፍቺ ወረቀት ለወጥናት።

የሚቃወመኝን ሰው ሐሳብ አውቀዋለሁ፤ ጠንካራም ነው። «የኢትዮጵያ ሥዕል መጀመሪያውኑ በስምምነት የቆመ ነው» ይላል። እውነት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ያያል፣ ኃጥእ በጎኑ ዞሮ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። በዐድዋ ሥዕሎችም ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ ይመጣል፣ የኢጣሊያ ወታደሮች በአንድ ዐይን ይሳላሉ። ይህ ኮድ ካልሆነ ምን ኮድ አለ?

መልሴ ይኸው ነው። እዚያ ኮዱ የሁሉ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ «ይህ በነጭ ፈረስ ያለው ማን ነው?» የሚል ምእመን አላየሁም። ትርጉሙ የታወቀ ስለሆነ ምእመኑ ወደ ሌላው ነገር ይሄዳል፤ ወደ ዐይኖቹ፣ ወደ ሰማያዊው፣ ወደ ተሰቀለው አካል ክብደት። አንዱን ሥዕል አልፎ ሌላው ፊት የሚንበረከከው በኮዱ ልዩነት አይደለም፤ ኮዱማ አንድ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታን አስቡ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር፤ ልጁ ኮሎኝ ሄዶ የዘመኑን ሥዕል ተማረ። በ1963 «ጎልጎታ»ን ሲሠራ የወሰደው ተምሳሌት ከሁሉ የታወቀውን ነው፤ ስቅለት። ምን እንደሚወክል የሚጠይቅ ሰው ሊኖር አይችልም። ያን ቀይ ፊት ቆሞ ምንም የሚፈታ ነገር ሲያጣ ግን ተመልካቹ አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል፤ ማየት። ብዙዎቻችን ገብረ ክርስቶስን «አይገባም» ያልነው ይመስለኛል ለዚህ ነው። የለመድነውን ሥራ ነፈገን።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ላይ ደርሻለሁ። የልጅነት እንቆቅልሻችንን ታስታውሳላችሁ። «እንቆቅልህ» ይባላል፣ «ምን አውቅልህ» ይመለሳል፤ መልሱን ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጨዋታ ነበር። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ግን በስደት ባሉ አዳራሾቻችን የሥዕል ፍቺ በእውነት አገር የሚጠየቅበት ሆኗል። ጅብ ከተሳለ ጅቡ የየትኛው ወገን እንደሆነ ይጠየቃል። ተራራ ከተሳለ የማን ተራራ ነው? የምታለቅስ እናት ቀሚሷ ላይ ያለው ጥልፍ ተመርምሮ ለየትኛው ሕዝብ እንደምታለቅስ ይወሰናል። ቁልፍ መፈለግ የለመደ ዐይን በሰላም ጊዜ ያሰለቻል፤ በጥል ጊዜ ግን መርማሪ ይሆናል።

አንዲት የማውቃት ሰዓሊ አለች፤ የምትኖረው አውሮፓ ነው። በጀርባዋ በር አዝላ የምትሄድ ሴት ሥላ ነበር። ንድፎቿን አሳይታኛለች። መጀመሪያ ሴትዮዋ ያዘለችው ሬሳ ሣጥን ነበር፤ ሁሉን ባንዴ ይናገራል ብላ ተወችው። ቀጥሎ መስኮት አደረገችው፤ ቀለለባት። ከዚያ በር ሆነ፤ በሩ ሰፋ፣ ሴትዮዋ አነሰች፣ እግሯ ከሸራው በታች ጠርዝ ሊወጣ ደረሰ። ስምንት ወር ፈጀባት። በመክፈቻው ምሽት የመጀመሪያው ጥያቄ «እህቴ፣ በሩ የየት አገር በር ነው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ስለ በሩ ቀለም ነበር፤ አረንጓዴ ላይ ቢጫ ሰረዝ ለምን አለ? ሦስተኛ ጥያቄ አልነበረም፤ ጠያቂዎቹ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። በሳምንቱ ነገሩ ፌስቡክ ላይ ነበር፤ ሥዕሉን ያላየ ሰው ሁሉ በሩን ፈታው። ቤት የፈረሰበት ሰው በሩን ለምን ይዞ እንደሚሄድ የጠየቀ የለም። ሴትዮዋ ለምን እንዳነሰች የጠየቀም የለም። ሰዓሊዋ ዛሬ ጀበናና ሲኒ ትሥላለች፤ ይሸጥላታል፤ ማንም አይጠይቃትም።

ያ ጀበና የሂሳችን ውጤት ነው። ሁለት ዓይነት ሰዓሊ እያፈራን ነው። አንዱ ፈርቶ ወደ ጌጥ የሸሸ፤ ሌላው ደግሞ የምንፈልገውን አውቆ አስቀድሞ በዝርዝር የሚያቅድ። የሁለተኛው ሥራ በብዙ ግድግዳ ላይ አለ፤ የአፍሪካ ካርታ፣ ካርታው ውስጥ አንበሳ፣ አንበሳው ዐይን ውስጥ እንባ፣ እንባው ውስጥ ባንዲራ። ዕቅዱና ሥራው መካከል ምንም አልተፈጠረም። ምንም አልተሰረዘም፣ ሰዓሊውን ያስደነገጠው ነገር የለም። በአምስት ሐረግ ተጽፎ ቢላክልን ያው ነበር። ከግጥም የተዋሰው ቃል፣ ከፖስተር የተዋሰው ቀለም ነው። እኛም እናጨበጭባለን፤ ፈተነዋልና።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽና የሚቻል ነገር ነው። ዐውደ ርእይ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ከሥዕሉ ጎን «ይህ ይህን ይወክላል» የሚለውን ካርድ አንሡና በቦታው የተጣለ ንድፍ ስቀሉ። ማድሪድ በሬይና ሶፊያ ሙዚየም «ጌርኒካ» አጠገብ ንድፎቹና የዶራ ማር ፎቶግራፎች አሉ፤ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ያስተምራሉ። ሰዓሊዎች፣ ንድፋችሁን አታቃጥሉ፤ ስትጠየቁም ለመገላገል ብላችሁ አንድ ቃል አትስጡ። «መጀመሪያ እዚህ ነበር፣ አልሆነልኝም፣ ወደዚህ አመጣሁት» በሉ፤ እውነቱም ይኸው ነው። ሂስ የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ አንድ ሕግ ብናወጣ ደስ ይለኛል። ስለ አንድ ሥዕል የጻፍነው አንቀጽ ያንኑ ዝርዝር ለያዘ ሌላ ሥዕል ሳይለወጥ የሚሠራ ከሆነ ስለዚህኛው ምንም አልጻፍንም፤ እንቅደደው።

ተመልካቹም የሚጠይቀው አያጣም። ፈረሱ ምንን ይወክላል በማለት ፈንታ ፈረሱ ለምን መካከል ላይ ሆነ፣ አፉ ለምን ተከፈተ፣ እዚህ ቦታ ላይ ከእርሱ በፊት ምን ነበር ብሎ ይጠይቅ። እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ሥዕሉ ፊት መቆም ግድ ነው፤ በስልክ ተመዝግቦ ወደ ቤት የሚወሰድ መልስም የላቸውም። በሩን ያዘለችውን ሴት እንዲህ ያያት ሰው የየት አገር ናት ከማለቱ በፊት ሸክሟ እንደከበዳት ያያል።